ሰዓት ያልተያዘላቸው እህትማማቾች

የሞተር ስፖርትን የሚከታተሉ ሰዎች እ.ኤ.አ ኦገስት 1916ን ሲያነሱ ቶሎ የሚመጣላቸው ስም ሪያ ሌንትዝ ነው፡፡ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ፓይክስ ፒክ በተባለው ተራራ ላይ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የሽቅብ ውድድር በ20 ደቂቃ ከ55.60 ሰከንድ ጨርሶ ዋንጫውን የወሰደው ሾፌር ነው፡፡ ውድድሩ የተጀመረው ኦገስት 10 ቀን ነበር፡፡ ሰዓት ያዢው በቦታው ነበር፣ ዋንጫውም ተዘጋጅቶ ነበር፣ ውጤቱም እስከ ዛሬ በመዝገብ ላይ ይገኛል፡፡

ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 5 ቀን፣ በዚያው ተራራ ላይ ሁለት ሴቶች በሁለት ሞተር ሳይክል ሽቅብ ወጥተው ጫፉን ረግጠዋል፡፡ በሞተር በሚነዳ ነገር መሪውን ራሳቸው ይዘው እዚያ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች እነሱ ናቸው፡፡ በስንት ደቂቃ ወጡ? ማንም አልለካም፡፡ ሰዓት የያዘላቸው ሰው የለማ!

ስማቸው ኦገስታ ቫን ቡረን እና አዴሊን ቫን ቡረን ይባላል፡፡ እህትማማቾች ናቸው፣ የኒውዮርክ ልጆች፡፡ ቤተሰብና ጓደኛ ትልቋን ጋሲ፣ ትንሿን አዲ እያለ ነበር የሚጠራቸው፡፡ የአሜሪካ ስምንተኛ ፕሬዚዳንት የነበሩት የማርቲን ቫን ቡረን ዘመዶች እንደሆኑም ይነገራል፡፡ የፕሬዚዳንት ዘር መሆን ግን ኮረኮንች ላይ ጎማ ሲያንሸራትት የሚያድን ነገር አይደለም፡፡

ከባሕር እስከ ባሕር

ጉዞው የአንድ ተራራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፡፡ እህትማማቾቹ በጁላይ ወር መጀመሪያ ከኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ሺፕስሄድ ቤይ ከሚባለው የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ተነስተው አሜሪካን ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ ለማቋረጥ ነበር ያሰቡት፡፡ ሴፕቴምበር 2 ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ፡፡ ሴፕቴምበር 8 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ደረሱ፡፡ በድምሩ 5,500 ማይል ነው፡፡ በእኛ መለኪያ 8,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፡፡ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ደርሶ መልስ ከስምንት ጊዜ በላይ እንደመመላለስ ነው፡፡ ያውም አስፋልት በሌለበት!

ሎስ አንጀለስ በገቡ በ19ኛው ቀን እዚህ እኛ አገር መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፡፡ ዘመኑን በዚህ ማስታወስ ይቻላል፡፡ የሚገርመው ነገር ያኔ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ግዛት ሴት ልጅ ፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት እንኳን አልነበራትም፡፡ ያ መብት በመላ አገሪቱ የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ1920 ነው፡፡

መንገዱ ሊንከን ሃይዌይ ይባላል፡፡ ስሙን ለሰማ ሰው ሰፊና የተነጠፈ ነገር ይመስላል፡፡ እ.ኤ.አ በ1913 የተመረቀው ይህ ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ የሚዘልቅ መንገድ ግን ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲያ ሲሻገር አብዛኛው ፒስታ ነበር፡፡ አንዳንዱ ቦታማ ፒስታም አይባል፤ የጋሪና የከብት ዱካ ነው፡፡ ምልክት የለም፣ ማደያ እንደልብ አይገኝም፣ ጎማ ሲፈነዳም ጎሚስታ ፍለጋ የሚኬድበት ቦታ የለም፤ ያው ራስህ ተንበርክከህ ትለጥፈዋለህ፡፡

የሚነዱት ሞተር ኢንዲያን ፓወር ፕላስ ነበር፡፡ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 1,000 ሲሲ፡፡ ዋጋው 275 ዶላር ነበር፡፡ በዚያን ጊዜ ገበያ ከነበሩት ሞተሮች ሁሉ ውድ ከሚባሉት ተርታ የሚመደብ ነው፡፡ ጎማው እንዳያንሸራትት ተብሎ የተሠራ የፋየርስቶን ጎማ፣ የፊት መብራቱ ደግሞ በጋዝ የሚነድ፡፡ ማታ ለመንዳት መብራቱን በክብሪት መለኮስ ያስፈልጋል ማለት ነው፡፡

አንድ ነገር እዚህ ላይ መስተካከል አለበት፡፡ ብዙ ቦታ እህትማማቾቹ አሜሪካን በሞተር ሳይክል ያቋረጡ የመጀመሪያ ሴቶች ተደርገው ይጻፋል፡፡ እንደዚያ አይደለም፡፡ ከእነሱ አንድ ዓመት ቀድማ፣ እ.ኤ.አ በ1915፣ ኤፊ ሆችኪስ የምትባል የብሩክሊን ልጅ እናቷን አቪስን በጎን ጋሪ አስቀምጣ በሃርሊ ዴቪድሰን አቋርጣለች፡፡ የቫን ቡረኖቹ ልዩነት ሁለቱም ለየብቻ የራሳቸውን ሞተር መንዳታቸው ነው፡፡ አንዷ ስትደክም ሌላዋ የምትይዝላት መሪ አልነበረም፡፡

የሱሪው ጉዳይ

ለምን ይህን ሁሉ? ለመዝናናት አይደለም፡፡ አንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን እያመሰ ነው፡፡ አሜሪካ ገና አልገባችም፤ የገባችው በ1917 አፕሪል ወር ነው፡፡ እንደምትገባ ግን ብዙ ሰው ጠርጥሯል፡፡ እንዘጋጅ የሚለው ንቅናቄ አገሩን አዳርሶታል፡፡ ሁለቱ እህትማማቾች የዚህ ንቅናቄ ሰዎች ነበሩ፡፡

ሐሳባቸው ቀላል ነው፡፡ በዚያ ዘመን ጦር ሜዳ ላይ ወሬ የሚደርሰው በሞተረኛ ነው፡፡ ከአዛዡ ወደ ግንባሩ፣ ከግንባሩ ወደ አዛዡ ትእዛዝ የያዘ ወታደር በሞተር ይከንፋል፡፡ ሬዲዮ በጀርባ አዝሎ መዞር የመጣው ኋላ ነው፡፡ እንግዲህ እህትማማቾቹ ያሉት፣ ሴቶች ይህን መልእክት የማድረስ ሥራ ይውሰዱና እዚያ ላይ የተመደቡት ወንዶች ወደ ግንባር ይሂዱ ነው፡፡ ሴት ልጅ አትችልም የሚል ቢመጣ አገሩን አቋርጠን እናሳየው አሉ፡፡ ከዚህም ሌላ በዚያን ጊዜ ሴቶች ለምን አይመርጡም ሲባል ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ በጦርነት አገር አይጠብቁም የሚል ነበር፡፡ ያንንም አፍ ለመዝጋት ነው፡፡

ታዲያ ፈተናው የመጣው ከመንገዱ ብቻ አልነበረም፡፡ ቀሚስ ለብሶ 1,000 ሲሲ ሞተር መንዳት አይቻልም፡፡ ሰንሰለቱ አለ፣ የጋለው የጭስ ማውጫ አለ፡፡ ስለዚህ የቆዳ ሱሪ፣ ከጉልበት በታች የወታደር መጠቅለያ፣ ቦት ጫማ አደረጉ፡፡ ቺካጎን አልፈው ወደ ምዕራብ ሲገሰግሱ በትናንሽ ከተሞች ፖሊስ በተደጋጋሚ አስቆማቸው፤ ያዛቸውም፡፡ ጥፋታቸው ምንድነው? ከልክ በላይ ፈጥነዋል? አይደለም፡፡ ሰው ገጭተዋል? አይደለም፡፡ የወንድ ልብስ ለብሰዋል!

በዘመናችን ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች ስለ ቁምጣቸው ርዝመትና ስፋት ሲወራ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይሆንበትም፡፡ እ.ኤ.አ በ2004 የፊፋው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሴፕ ብላተር ሴቶቹ ጠበብ ያለ ቁምጣ ቢለብሱ ጨዋታው ተመልካች ያገኛል የሚል ሐሳብ አቅርበው የደረሰባቸው ውግዘት አይረሳም፡፡

ከላፓዝ በላይ

አሁን ወደ ተራራው፡፡ ፓይክስ ፒክ 4,302 ሜትር ነው፡፡ ከእኛ ራስ ዳሸን ትንሽ ነው የሚያንሰው፡፡ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ይበልጣል፡፡

ከፍታ ምን እንደሚያደርግ ለኳስ አፍቃሪ መንገር ለቀባሪው እንደማርዳት ነው፡፡ አዲስ አበባ ስታዲየም መጥተው አየሩ አነሰን እያሉ ያማረሩ ስንት ቡድኖች አሉ! ፊፋ እ.ኤ.አ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ አይደረግም ብሎ ጉድ ሲያፈላ አዲስ አበባ ለጥቂት ነበር ያመለጠችው፡፡ ውሳኔው ዋና ኢላማ ያደረገው ቦሊቪያን ነው፤ ላፓዝ ያለው የኸርናንዶ ሲሌስ ስታዲየም 3,600 ሜትር ላይ ነውና፡፡ እገዳው በ2008 ተነሳ፡፡ በዓመቱ፣ አፕሪል 1 ቀን 2009፣ ዲያጎ ማራዶና የሚያሠለጥነው፣ ሊዮኔል ሜሲ የተሰለፈበት የአርጀንቲና ቡድን እዚያ ወጥቶ 6 ለ 1 ተቀጥቅጦ ተመለሰ፡፡ ከፍታ ማለት ይኸው ነው፡፡ ፓይክስ ፒክ ደግሞ ከላፓዝ ስታዲየም በ700 ሜትር ይበልጣል፡፡

በዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፡፡ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚቸገረው፡፡ ሞተሩም ያው የሚተነፍሰው አየር ነው፡፡ አየር ሲያንሰው ጉልበቱ በአርባ በመቶ ገደማ ይቀንሳል፡፡ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው እየፈሰሰ ስለሚመጣ ያንቀዋል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፡፡ ዘንድሮ ኮምፒውተር ይህን ራሱ ያስተካክላል፡፡ በ1916 የሚያስተካክለው የነጂዋ ጆሮ ነው፡፡ የሞተሩን ድምፅ እየሰሙ፣ እየወጡ በሄዱ ቁጥር ካርቡራተሩን እየነካኩ ቤንዚኑን መቀነስ ነው፡፡

መንገዱ ገና አዲስ ነበር፡፡ ስፔንሰር ፔንሮዝ የሚባል ባለሀብት የድሮውን የሠረገላ መንገድ አስፍቶ ለመኪና ያሠራው በዚያው ሰሞን ነው፡፡ ውድድሩንም የጀመረው መንገዱን ለማስተዋወቅ ነው፤ ሰውየው ነጋዴ ነው፡፡ ወለሉ አፈርና ጠጠር፡፡ ዛሬ ውድድሩ የሚካሄድበት ክፍል ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ 156 ኩርባ አለው፣ መነሻው 2,860 ሜትር ላይ ሆኖ 1,440 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፡፡ ከዛፉ መስመር በላይ ሲደረስ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ባዶ ነው፡፡

ጠጠር ላይ ሞተር የነዳ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፡፡ ጠጠር እንደ አስፋልት ጎማን አይዝም፡፡ ጎማው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን በድንጋዩ ላይ ከሚንከባለል ሌላ ድንጋይ ላይ ነው የሚሄደው፡፡ የፊት ጎማ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዋልላል፡፡ ጀማሪ ሲሆን ይደነግጥና መሪውን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፡፡ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው፡፡ የሚያውቅ ሰው እጁን ያላላል፣ ጎማው እንዲጫወት ይተወዋል፤ ዓይኑንም ከጎማው ሥር አንስቶ ራቅ ያለው ኩርባ ላይ ይጥላል፡፡ ብዙዎቹ ደግሞ ከመቀመጫው ተነስተው በእግር መርገጫው ላይ ይቆማሉ፡፡ ጉልበት እንደ ሞላ ይሠራል ማለት ነው፡፡ ኩርባ ላይ ፍሬን አይያዝም፤ ከኩርባው በፊት ነው የሚያዘው፡፡

ፍሬን ከተነሳ ደግሞ፣ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሞተሮች የፊት ፍሬን የላቸውም፡፡ ያለው የኋላ ብቻ ነው፡፡ ሽቅብ ሲወጣ ብዙም ችግር የለውም፡፡ ቁልቁል ሲሆን ግን እስቲ አስቡት! ያንን ሁሉ ሜትር በአንድ የኋላ ፍሬን፣ ጠጠር ላይ፣ መከላከያ አጥር በሌለበት፡፡ አብዝተህ ከረገጥከው ጎማው ይቆልፍና ኋላው ቀድሞህ ይሄዳል፡፡ ደጋግመህ ከረገጥከው ይግልና መያዝ ያቆማል፡፡ መፍትሔው ትንሿን ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው፡፡ ጫፍ ላይ መድረሱ ይወራል እንጂ መውረዱን ማን ያወራል? ከሞተረኞች ጋር የተቀመጠ ሰው ግን ይህን ይሰማል፤ መውጣት የሞተሩ ሥራ ነው፣ መውረድ የነጂው፡፡

ኦገስታና አዴሊን ወጡም፣ ወረዱም፡፡ ከአምስት ቀን በኋላ በመጣው ውድድር የሞተር ሳይክል ፉክክርም ነበረ፡፡ እነሱ ግን ያኔ ተራራውን አልፈው ወደ ምዕራብ ጉዞ ላይ ናቸው፡፡

ጭቃና ጥማት

ከፓይክስ ፒክ በኋላ ሮኪ ተራሮችን ማቋረጥ ነበረባቸው፡፡ እዚያ ዝናብ ጠበቃቸው፡፡ አፈሩ መንገድ ጭቃ ሆነ፡፡ ጭቃ ሲባል የእኛ የሐምሌ ጭቃ ዓይነት፡፡ ጎማው ተቀረቀረ፡፡ ጎትተው ጎትተው ሲያቅታቸው ሞተሮቹን እዚያው ጥለው በእግራቸው ጊልማን ወደምትባል የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ሄዱ፡፡ ቆፋሪዎቹ ተከትለዋቸው መጥተው ሞተሮቹን ከጭቃው አወጡላቸው፡፡

ቀጥሎ የመጣው ከዚህ የባሰ ነው፡፡ ከሶልት ሌክ ሲቲ በስተ ምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው በረሃ ውስጥ መንገድ ጠፋቸው፡፡ የያዙት ውኃ አለቀ፡፡ ይህ እንግዲህ ሞተር የመንዳት ችሎታ የማያድንበት ቦታ ነው፡፡ ያዳናቸው ወርቅና ማዕድን ፍለጋ በረሃ ለበረሃ የሚዞር አንድ ሰው ነው፡፡ ጋሪው ላይ ውኃ ነበረው፡፡ አጠጣቸው፡፡ እሱ በዚያ ባያልፍ ኖሮ ይህ ጽሑፍ የሚጻፈው በሌላ ስሜት ነበር፡፡

ሎስ አንጀለስ ከደረሱ በኋላም አላቆሙም፤ ድንበር ተሻግረው ሜክሲኮ ቲኋና ድረስ ዘልቀዋል፡፡

ደብዳቤው

አዴሊን ይህን ሁሉ ፈጽማ ሠራዊቱን በሞተረኛ መልእክተኛነት ላገልግል ብላ ለአሜሪካ ጦር መሥሪያ ቤት አመለከተች፡፡

አልተቀበሏትም፡፡

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጦር በሜክሲኮ ድንበር ዘመቻ ላይ ሞተር ሳይክል አሰልፎ ነበር፤ ሞተረኛ እንደሚፈልግ ያውቃል፡፡ ከሁለት ወር በላይ በጠጠር፣ በጭቃና በበረሃ 8,850 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ከየት ያገኛል? በዝውውር ገበያ ቋንቋ ብንናገር፣ ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይጎዳ የተጫወተ ልጅ በነፃ ልምጣ ሲል በር እንደመዝጋት ነው፡፡

ጋዜጦቹም ቢሆኑ አልማሯቸውም፡፡ አንድ የዴንቨር ጋዜጣ ሴቶቹ አገር ለመከላከል እንዘጋጅ የሚለውን ሐሳብ ከቤት ሥራ ለማምለጫና በጠባቡ የቆዳ ልብስ ሰውነታቸውን ለማሳያ ተጠቀሙበት የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፈ፡፡ የሞተር ሳይክል መጽሔት ደግሞ ሞተሩን አወድሶ ነጂዎቹን ረሳ፤ ጉዞውንም እንደ ሽርሽር ነው የቆጠረው፡፡ እንግዲህ ጎሉን ያስቆጠረችው ማሊያው ነው እንደማለት!

እህትማማቾቹ ቂም ይዘው ቤት አልዋሉም፡፡ አዴሊን እንግሊዝኛ አስተማሪነቷን ትታ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሕግ ተመረቀች፡፡ ኦገስታ ደግሞ ከሞተር ወደ አውሮፕላን ተሸጋገረች፤ አብራሪ ሆነች፡፡ አሚሊያ ኢርሃርት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ የነበረችበት የሴት አብራሪዎች ማኅበር አባልም ነበረች፡፡ አዴሊን በ1949፣ ኦገስታ በ1959 አረፉ፡፡

የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ማኅበር የክብር መዝገቡ ውስጥ ስማቸውን ያስገባው እ.ኤ.አ በ2002 ነው፡፡ ጉዞው ከተደረገ በ86 ዓመቱ! በዚያው ዓመት እዚያው መዝገብ ውስጥ የገባች ሌላ ሴት ቤሲ ስትሪንግፊልድ ናት፡፡ ጥቁር አሜሪካዊት፣ የዘር መድልዎ በከፋበት ዘመን ብቻዋን በሞተር አገሩን ደጋግማ ያቋረጠች፡፡ ቤሲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊቱ በሲቪልነት በሞተር መልእክት ታደርስ እንደነበር ይነገራል፡፡ አዴሊን የተከለከለችው ሥራ ማለት ነው፡፡

ሰዓቱ ሲያዝ

ፓይክስ ፒክ ላይ ሴት ልጅ ሰዓት ተይዞላት ሁሉንም ስታሸንፍ ለማየት እ.ኤ.አ እስከ 1985 መጠበቅ ግድ ሆኗል፡፡ ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን! ይህች ሴት ለራሊ አፍቃሪዎች አዲስ አይደለችም፡፡ በ1981 ሳን ሬሞ ላይ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፡፡ በ1982 ሦስት ራሊዎች አሸንፋ በነጥብ ከዋልተር ሮርል ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ጨርሳለች፡፡

በ1985 አውዲ ስፖርት ኳትሮዋን ይዛ ፓይክስ ፒክ መጣች፡፡ መንገዱ ያኔም ጠጠር ነው፡፡ 11 ደቂቃ ከ25.39 ሰከንድ፡፡ አሸነፈች ብቻ ሳይሆን አል አንሰር ጁኒየር በ1983 ይዞት የነበረውን ሪከርድ በ13 ሰከንድ ገደማ ገነደሰችው፡፡ አሜሪካኖቹ ተራራው የእኛ ነው ይሉ ነበር፡፡ የአንሰር ቤተሰብማ እዚያ ተራራ ላይ እንደ ቤቱ ነው የሚቆጥረው፡፡ ሰዓቱ ግን ዘመድ አያውቅም፡፡

ስዊፐሯ

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2016፣ የእህትማማቾቹን ጉዞ ለማስታወስ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ሴት ሞተረኞች ከብሩክሊን ተነስተው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ነድተዋል፡፡ ማንም ፖሊስ ስለ ሱሪያቸው አልጠየቃቸውም፡፡

ዛሬ በአሜሪካም በአውሮፓም እንዲህ በቡድን እየሆኑ ለአንድ ቀን የጠጠር መንገድ ፍለጋ የሚወጡ ሴቶች ብዙ ናቸው፡፡ ሞተሩም ተለውጧል፡፡ አድቬንቸር የሚባሉት ረጃጅም ሞተሮች ለአስፋልትም ለጠጠርም የተሠሩ ናቸው፡፡ ጎማው ሲንሸራተት የሚያርም፣ ፍሬኑ እንዳይቆልፍ የሚከለክል ኤሌክትሮኒክስ ተገጥሞላቸዋል፡፡ ክብደታቸው ግን አይጣል ነው፤ ትልልቆቹ ከ240 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፡፡ ጠጠር ላይ ደግሞ መውደቅ አለ፡፡ ታዲያ ያንን ብረት ማን ያነሳዋል? ጡንቻ ብቻ ያለው ሰው አጎንብሶ በእጁ ሊያነሳ ሲሞክር ወገቡን ይዞ ይቀራል፡፡ ዘዴው ሌላ ነው፡፡ ማርሽ ታስገባና ጀርባህን ለሞተሩ ሰጥተህ ቁጢጥ ትላለህ፡፡ አንድ እጅ መሪውን፣ ሌላው የመቀመጫውን ሥር ይይዛል፡፡ ከዚያ ወደ ኋላ እየተራመዱ በእግር ጉልበት መግፋት ነው፡፡ በዚህ ዘዴ ሃምሳ ኪሎ የምትመዝን ሴት 240 ኪሎ ታቆማለች፡፡ ጉራ የሚነዛ ወንድ አጠገቧ ቆሞ ሲያይ ደስ የሚል ትርኢት ነው፡፡

አሰላለፉም ኳስ ሜዳ ያስታውሳል፡፡ ከፊት መንገዱን የምታውቀው ትመራለች፡፡ ከኋላ ደግሞ ከሁሉም ልምድ ያላት ትሆናለች፤ የወደቀ የምታነሳ፣ የተበላሸ የምታይ፣ ማንንም ወደ ኋላ የማታስቀር፡፡ በእነሱ ቋንቋ ይህችን የመጨረሻ ነጂ ስዊፕ ይሏታል፡፡ እኛ ስዊፐር የምንለው፣ የድሮዎቹ ሊቤሮ የሚሉት ማለት ነው፡፡ ፍራንዝ ቤከንባወር በሞተር ሳይክል! መሃል ያሉት ደግሞ ተጠጋግተው አይሄዱም፡፡ ጠጠር ላይ የፊተኛዋ አቧራ የኋለኛዋን ዓይን ስለሚያሳውር ሰፋ አድርገው ይለቃሉ፡፡ አስፋልቱ ከማለቁ በፊት ቆመው የጎማቸውን ነፋስ ቀነስ ያደርጋሉ፤ ጎማው ሰፍቶ ጠጠሩን እንዲጨብጥ፡፡ ማታ ወደ አስፋልት ሲመለሱ መልሰው ይሞላሉ፡፡

ቫን ቡረኖቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፡፡ አንዷ መሪ ሌላዋ ስዊፐር፤ መሃል ማንም የለም፡፡

ተራራው ዛሬም እዚያው ነው፣ መንገዱ ግን የድሮው አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ በ2011 እስከ ጫፉ ድረስ አስፋልት ሆኗል፡፡ የራሊ ሰዎች በዚህ የሚቆጩ አሉ፤ ጠጠሩ ሲነሳ የተራራው ግማሽ ነፍስ አብሮ ተነሳ ይላሉ፡፡ ፍጥነቱ ጨመረ፡፡ በ2018 ፈረንሳዊው ሮማን ዱማ በኤሌክትሪክ መኪና ከስምንት ደቂቃ በታች ገባ፡፡ 7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ! በ2019 ግን በሞተር ሳይክል አራት ጊዜ ያሸነፈው ካርሊን ደን ጫፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ወድቆ ሕይወቱ አለፈ፡፡ ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ ሞተር ሳይክልን ከውድድሩ አስወጡ፡፡

ስለዚህ ፓይክስ ፒክ ላይ ሞተር ሳይክል በሰዓት አይወዳደርም፡፡ በሌላው ቀን ግን ታች ኬላው ላይ ከፍሎ የሚገባ ሞተረኛ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እስከ ጫፉ ድረስ ይወጣል፡፡ ሰዓት የሚይዝለት የለም፡፡